ይህ ክር የማን ነው?

በዚያ ጠዋት በመሣሪያ ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ሙላት በሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ የማቀዝቀዣው አየር ሳል ያስነሣባቸው ስለነበር ከዚያ አልፈው አይገቡም። ከባሕር ዳር የመጣው ባለሙያ ኢንጂነር ሰሎሞን በክፍሉ ባለችው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጓል። ዘይነባ ከስክሪኑ ፊት እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ባለጉዳዮቹ የወከሏቸው የአዲስ ቅዳም ገበሬ አያ ቸኮል ጫማዬ ጭቃ ነው ብለው አልገባም ስላሉ፣ በትራቸውን ተመርኩዘው ደፉ ላይ ናቸው። እኔ ከማሽኖቹ ጀርባ ነበርሁ። ከማሽን ጀርባ የሚወጣው አየር ሞቃት ነው፤ ቆሰበር በምትባለው በእንጅባራ ክረምት ለቆመ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም።

የተሰበሰብነው አንድ ነገር ለመለየት ነው። የገበሬው የመሬት ይዞታ መዝገብ የሚሠራበት ፕሮግራም ጠዋት ጠዋት ይቆም ነበር። ሰዉ ከየቀበሌው መጥቶ መስኮቱ ሥር በዝናብ ይሰለፋል፣ ፕሮግራሙ ይቆማል፣ ሰዉ ይመለሳል። ፕሮግራሙን የሠራችው ዘይነባ ናት። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ሆኖ ከተገኘ ይነሣል፤ እሷም ከሥራዋ ትነሣለች። ይህ በስብሰባ የተወሰነ ነበር። ለእኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የነበረው የመጨረሻው ሳምንት ነው። የሥራ ዘመኔን ለሚጠይቁኝ ሁሉ ይህን ቀን እነግራቸዋለሁ። ሆኖም እንዴት እዚያ ክፍል እንደ ደረስሁ መጀመሪያ መናገር ይሻላል።

ዳንግላ ተወለድሁ፤ ዳንግላ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረስሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። የስልክ ማዞሪያ ቤት ኦፕሬተር ሲፈልግ ተፈትኜ ገባሁ። ማዞሪያው እንደ ቁም ሣጥን የቆመ ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳው ላይ ቀዳዳዎች፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር የከተማ ወይም የነጋዴ ስም የተጻፈባት ወረቀት፣ ከፊቴ ደግሞ ጫፋቸው ብረት የሆነ ገመዶች። ደዋዩ ስልኩን ሲያሽከረክር ከቀዳዳው በላይ ያለች ትንሽ ክዳን ትወድቃለች። ገመዱን እሰካና «ማዞሪያ» እላለሁ። ሰው በዚያ ዘመን ርቀቱን በጉሮሮው የሚያሸንፈው ይመስለው ነበር። አንድ የኑግ ነጋዴ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ ሲያወሩ መንገድ የሚያልፈው ሁሉ ዋጋውን ሰምቶ ይሄድ ነበር። «ሐጂ፣ ቀስ ቢሉም ይሰማል» ብላቸው፣ «ታዲያ አንቺ ብቻ ልትሰሚ ነው?» አሉኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ የመስመር ጥገናው ሠራተኛ ጋሼ ጌጡ ናቸው። በኋላም እስከ ጡረታቸው ድረስ አለቃዬ ሆነዋል፤ ስለዚህ ስለ ልማዳቸው ትንሽ ልበል። ክረምት ከበጋ አንድ አረንጓዴ ሹራብ ይለብሳሉ። ወደ ማሽን የሚያመለክቱት በጣት አይደለም፤ መዳፋቸውን አሳርፈውበት ስሙን ይጠሩታል። የጠገኑት መስመር ድምፅ ሳያሰማቸው ምሳ አይበሉም። ምሰሶ በማሳው ለተተከለበት ገበሬ በአውኝ ቋንቋ ሰላምታ ሳይሰጡ ምሰሶው ላይ አይወጡም። ከሁሉ በላይ ግን የተጻፈ ስም አያምኑም ነበር።

ሥራ በገባሁ ሰሞን ነፋስ የጣለውን ምሰሶ አስነሥተው ተመለሱና የግምጃ ቤትን መስመር ሞክሪ አሉኝ። ሰካሁ፤ ጠራ።

«ይሠራል» አልሁ።

«ማን አነሣው?»

«ግምጃ ቤት ነዋ ጋሼ። ወረቀቱ ይላል።»

«ወረቀቱን እኔ ራሴ ነኝ የለጠፍሁት። ከወዲያ ያለውን ሰው ማን ነህ በይው።»

ብጠይቅ ያነሣው የአዲስ ቅዳም ሰው ሆኖ ተገኘ። ምሰሶው ሲነሣ ሽቦዎቹ ተለዋውጠዋል። ጋሼ ጌጡ አልሳቁብኝም፤ «ፈረስን በኮርቻው አትለዪው፤ ኮርቻ ይዋዋሳል» ብለው ተመልሰው ወጡ።

ከዳንግላ ወደ ግምጃ ቤት ተዛወርሁ። እዚያ ማዞሪያውንም ቢሮውንም የምይዘው እኔው ነበርሁ። የገበያ ቀን ሰዉ በጋሪና በእግሩ መጥቶ በር ላይ ይሰለፋል። የዚያ ጊዜው አለቃዬ ማኅተም የሚወዱ ሰው ነበሩ፤ ማኅተም የሌለበት ወረቀት አይታያቸውም። ከእሳቸው የተማርሁት ጠረጴዛ በንጽሕና መያዝን ነው፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ስለ ደመወዝ የሚባለው አጭር ነው፦ ከወር ወር ያደርስ ነበር፣ ካላደረሰም እህቴ ነበረች።

ስልክ ራሱን በራሱ የሚያገናኝበት ጊዜ ሲመጣ ኦፕሬተር አያስፈልግም ተባለ። ጓደኞቼ ወደየቤታቸው ገቡ። እኔ የኮምፒውተር ጽሑፍ ተምሬ እንጅባራ፣ ስሙን እዚህ ለማንሣት በማልፈልገው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርሁ። ጋሼ ጌጡ ከእኔ ቀድመው እዚያ የመሣሪያ ክፍል ኃላፊ ሆነው ነበር። በኮሪደር ሲያዩኝ፣ «ትርንጎ! አንቺ እዚህ ፊደል ትለቅሚያለሽ? ነዪ፣ እዚህም ማዞሪያ አለ» አሉኝ። በማግሥቱ ወደ እሳቸው ክፍል ተዛወርሁ።

እውነትም ማዞሪያ ነበር። ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። በክፍሉ ካሉት ማሽኖች መካከል አንድ ትልቅ አለ። በውስጡ ብዙ ማሽኖች ይኖራሉ፦ የመሬት መዝገቡ፣ የተማሪዎች ውጤት፣ የጤና ጣቢያዎቹ መድኃኒት፣ ሌላም። እነዚህ በአካል የሉም፤ ምናባዊ ማሽን ይባላሉ። ሆኖም እያንዳንዱ የራሱ ቤት፣ የራሱ ፕሮሰሰር ያለው ይመስለዋል። ለአስተናጋጁ ለትልቁ ማሽን ግን የእነዚህ ሁሉ ፕሮሰሰር አንድ አንድ የሥራ ክር ነው። ክሩ ቁጥር እንጂ ስም የለውም። ትልቁ ማሽን እውነተኛ ፕሮሰሰሮቹን ለክሮቹ በተራ በተራ ያድላል። ተራው ያልደረሰው ክር ይጠብቃል። ምናባዊው ማሽን ግን መጠበቁን አያውቅም፤ ዓይኑን ጨፍኖ የገለጠ ያህል ነው የሚሰማው።

አንዱ ምናባዊ ማሽን ሲዘገይ ምክንያቱን የምንፈልገው ዱካ በመከተል ነው። አንድ ዱካ ከውስጥ ይወሰዳል፤ ማሽኑ ራሱ ምን እየሠራሁ ነው እንደሚል። አንድ ዱካ ከውጭ ይወሰዳል፤ ትልቁ ማሽን ክሮቹን መቼ እንዳሠራ፣ መቼ እንዳስጠበቀ። ሁለቱ ለየብቻቸው ምንም አይናገሩም። የውስጡ ሁለተኛ ፕሮሰሰር በውጭ የትኛው ክር እንደሆነ ካልታወቀ፣ የአንዱን ሰው ሕመም በሌላው ሰው ደም እንደ መመርመር ነው። ክሩ የማን እንደሆነ ትልቁ ማሽን ሲጠየቅ ይናገራል። መጠየቅ ግን በየጊዜው ነው፤ ምክንያቱም ማሽን ጠፍቶ ሲነሣ ቁጥሮቹን እንደ አዲስ ያድላል። የጠዋቱ ቁጥር ከሰዓት ለሌላ ሊደርስ ይችላል።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የውስጡ ሰዓትና የውጩ ሰዓት እኩል አይሄዱም። ስለዚህ ዱካ ከመጀመራችን በፊት በሁለቱም ላይ አንድ ምልክት እናስገባለን፤ በኋላ ሁለቱን ዱካዎች ጎን ለጎን ስናደርግ ምልክቱን ከምልክቱ እናጋጥማለን። ይህን ሥራ እወድ ነበር። ሁለቱ ሲገጥሙ፣ የውስጡ ዝምታ በውጩ ጥበቃ ልክ ሲወድቅ ማየት፣ ከወዲያ ትክክለኛው ሰው «አቤት» ሲል እንደ መስማት ነው። ብዙ ማሽን በዚህ መንገድ አድነናል። ማመስገን የማይወዱትን ጋሼ ጌጡን እንኳ አንድ ቀን «እጅሽ ፈጠነ» የሚል ቃል አምልጧቸዋል።

አንድ ጊዜ ግን ከባድ ውድቀት ደረሰብን። የመድኃኒቱ ማሽን ዘግይቶ ጤና ጣቢያዎች ይጮኹ ነበር። ጋሼ ጌጡ የክሮቹን ቁጥር ጠዋት ጠየቁ። ከዚያ መብራት ጠፋ፤ የመጠባበቂያ ባትሪው አርጅቶ ስለነበር ማሽኖቹ አብረው ወደቁ። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ማሽኖቹ ሲመለሱ ስልኩ ያለ ማቋረጥ ይጮህ ነበር። በዚያ ጥድፊያ የጠዋቱን ቁጥር ይዘው ዱካውን ተከተሉ። ዕድሜ ልካቸውን የተጻፈ ስም ያላመኑት ሰው ያን ቀን ቁጥር አመኑ። ዱካው የተማሪዎች ውጤት ማሽን ሌላውን ያስጨንቃል የሚል መሰለ። ማሽኑ እንዲቆም ተደረገ። ወቅቱ ተማሪዎች ማስረጃቸውን ይዘው ለኮሌጅ የሚመዘገቡበት ነበር።

እውነተኛው ጥፋተኛ፣ ቅጂ የሚያስቀምጠው ማሽን፣ በኋላ ተገኘ። በመካከሉ ግን አንዲት የግምጃ ቤት ልጅ ከአባቷ ጋር በጋሪ እየመጣች ማስረጃዋን ሳታገኝ ተመለሰች፤ ምዝገባው አለፋት። ጋሼ ጌጡ ይህን ሲሰሙ ሹራባቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ነዪ» አሉኝ። ግምጃ ቤት ሄድን። አባትየው ግቢው ውስጥ ቀርከሃ ይሰነጥቅ ነበር። ጋሼ ጌጡ ሳይቀመጡ የሆነውን ሁሉ ነገሩት። ሰውየው ማጭዱን አላስቀመጠም።

«ዓመቱን ማን ይመልስላታል?» አለ።

«ማንም» አሉ ጋሼ ጌጡ።

ልጅቱ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ጋሼ ጌጡ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ፤ ክፍሉ ለእኔ ቀረ።

ዘይነባ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የዳንግላ ባለሱቅ ልጅ ናት፤ በኮምፒውተር ተመርቃለች። የመሬት መዝገቡን ፕሮግራም ከመሠረቱ ሠራችው። ቀልደኛ ናት፤ እኔ ለቀልድ ባልፈጠንም እሰማታለሁ። ክሮቹን በየጊዜው እንደ አዲስ ስጠይቅ፣ «ኧረ እትዬ ትርንጎ! ይህ ማሽን ለጋብቻ ነው እንዴ፣ ሰባት ቤት ካልቆጠረ የማይታለፈው?» ትል ነበር። ስለ ግምጃ ቤቷ ልጅ ከነገርኋት በኋላ መቀለዷን አልተወችም፤ ሁለተኛ ግን ያልጠየቀችውን ቁጥር ስትጠቀም አላየኋትም።

ፕሮግራሟ ለሁለት ዓመት ያህል ደኅና ሠራ። ከዚያ መስኮቶቹ ላይ የጥበቃ ካሜራ በተተከለ ሰሞን ጠዋት ጠዋት መቆም ጀመረ። ሰዉ ፕሮግራሙን ከማየት በቀር ሌላ የሚያየው ነገር የለም፤ የቆመው እሱ ነውና ጥፋተኛው እሱ ነው አለ። ዘይነባ ቀኑን ሙሉ ፕሮግራሟን ስትፈትሽ ከረመች። እየከሳች መጣች። አቶ ሙላት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ከመስኮቱ ሥር የሚሰለፈው ሰው በየቀኑ ቢሯቸው ይገባ ነበር። ባለሙያ ይምጣ፣ ያጣራ፣ ከዚያ ይቆረጣል አሉ። ሰሎሞን መጣ።

አሁን ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ሰሎሞን ጨዋና ሥራ የሚያውቅ ወጣት ነው። የመሬቱን ማሽን የእያንዳንዱን ፕሮሰሰር ክር ጠይቆ ቁጥሮቹን ስክሪኑ ላይ አኖረ። ሰልፉ እስኪበዛ ድረስ መጠበቅ ነበረብን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። አያ ቸኮል ክፍሉን ዙሪያውን ቃኙና፣

«የእኔ መሬት ከዚህ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው?» አሉ።

«መዝገቡ ነው አያ፣ መሬቱማ አዲስ ቅዳም ነው» አለቻቸው ዘይነባ።

«ተመስገን። እኔስ በሬዬን በዚህ በር እንዴት ላግባው ብዬ ነበር።»

ያን ጊዜ መብረቅ ጮኸ፤ መብራቱ ጠፋ። ማሽኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ከጀርባዬ የነበረው ሙቀት ቀረ።

«እህ! ይኸም ሞተ?» አሉ አያ ቸኮል በጨለማው።

«ይነሣል» አልሁ።

ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ማሽኖቹም ተከተሉ። በመስኮቱ በኩል ሰዉ ይጮህ ጀመር። ሰሎሞን ጊዜ አላባከነም፤ ምልክቱን አስገብቶ በሁለቱም በኩል ዱካ ወሰደ። ፕሮግራሙ እንደ ልማዱ ቆመ። ሰሎሞን ስክሪኑን ትንሽ ተመለከተና ፊቱ ፈካ።

«ይኸው! ክሩ ሥራ ይዞ ተራ ሲጠብቅ ይታያል። ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም» አለ።

አቶ ሙላት ከበሩ ሆነው እፎይ አሉ። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጄ። በቃ፣ ነፃ ነሽ» አሏት።

ልናገር አፌን ከፈትሁ። ዘይነባ ቀደመችኝ።

«ኢንጂነር፣ ቁጥሩ የተጠየቀው መቼ ነው?»

«ጠዋት፣ ስንጀምር።»

«መብራት ሳይጠፋ?»

ሰሎሞን እጁን ከላፕቶፑ ላይ አነሣ።

«እንግዲያው እንደገና ይጠየቅ» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ አቶ ሙላት። «ነፃ አወጣሽ እኮ!»

«እኔን አይደለም ጋሼ፣ ያንን ክር ነው ነፃ ያወጣው። የማን እንደሆነ ገና አልጠየቅነውም።»

«ሁለተኛው ዱካ ቢፈርድብሽስ?»

«ይፍረድብኛ» አለች። አጣምራቸው የነበሩትን እጆቿን ፈታች፤ ምን እንደምታደርግባቸው ስላላወቀች መልሳ አጣመረቻቸው።

አያ ቸኮል ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዳኛ የለቀቀው ሰው ተመልሶ ችሎት ሲቆም ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

እኔ ከነበርሁበት አልተንቀሳቀስሁም። በዚያ ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እንደዚያች ደቂቃ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ሰሎሞን ተከራክሮ ጊዜ አላጠፋም፤ «ልክ ነሽ» ብሎ ጠየቀ። ትልቁ ማሽን መለሰ። የተከተልነው ክር የተማሪዎች ውጤት ማሽን ክር ነበር። የተሰጠው ፍርድ ሁሉ በዚያ ቃል ፈረሰ። አቶ ሙላት ወደ ውጭ ሄደው ሲያስሉ ይሰማ ነበር፤ ተመለሱ። ዘይነባ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም።

አዲሱ ቁጥር ተያዘ፣ ምልክት ገባ፣ ዱካው እንደገና ተወሰደ። መስኮቱ ላይ ሰዉን የምታስተናግደው ሠራተኛ የአንድ ገበሬ መዝገብ ጠየቀች፤ ፕሮግራሙ ቆመ። ሰሎሞን ሁለቱን ዱካዎች ጎን ለጎን አድርጎ ምልክቱን ከምልክቱ ሲያጋጥም ከኋላ ወጥቼ ከዘይነባ አጠገብ ቆምሁ። የውስጡን አየሁ፦ የመሬቱ ማሽን ሁለተኛ ፕሮሰሰር ሥራውን አጋምሶ በድንገት ዝም ይላል። የውጩን አየሁ፦ በዚያው ሰዓት የራሱ፣ እውነተኛው ክሩ፣ ሥራውን እንደያዘ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። ከፊቱ ፕሮሰሰሩን የያዘው ሌላ ክር ነው።

«ይህስ የማን ነው?» አልሁ።

ሰሎሞን ጠየቀ። የካሜራው ማሽን ነበር። ካሜራዎቹን የተከሉት ሰዎች የእሱን ክር በእጃቸው ከአንድ ፕሮሰሰር ጋር አስረውታል፤ የመሬቱ ማሽን ሁለተኛ ክር ደግሞ ከዚያው ጋር ታስሮ ኖሯል። ካሜራው ጠዋት ጠዋት የትናንቱን ምስል ሲያጠቃልል ገበሬው ይጠብቃል።

«አንድ ነገር ግን አለ» አለ ሰሎሞን፣ የውስጡን ዱካ እያሳየ። «እዚህ ላይ አንዱን ካርታ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። ይህ ያንቺ ነው።»

«የእኔ ነው፤ አስተካክለዋለሁ» አለች።

«ትንሽ ነው፤ አያስቆምም።»

«ቢሆንም» አለች።

የካሜራው ክር ወደ ሌላ ፕሮሰሰር ተዛወረ። ከመስኮቱ በኩል የነበረው ጩኸት ወዲያው አልበረደም፤ ቀስ እያለ ግን ወደ ተራ ወሬ ተለወጠ። ጥቂት ቆይቶ የአያ ቸኮል ስም ተጠራ።

«ልሂድ? ወይስ እሱንም ደግማችሁ ትጠይቁታላችሁ?» አሉ ወደ ዘይነባ ዞረው።

«ይሂዱ አያ። ወረቀቱን ሲሰጡዎት ግን ስሙ የእርስዎ መሆኑን ይመልከቱ።»

ሳቁና ሄዱ።

አቶ ሙላት ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ አልፈው ገቡ። ፕሮግራሙ እንደሚቀጥል፣ ዘይነባም በሥራዋ እንደምትቆይ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮም ክፍሉን እሷ እንደምትይዝ ተናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ የሚጨምሩት አለ?»

ዘይነባ ካርታውን ሁለት ጊዜ የሚጠይቀውን መስመር ከፍታ ታይ ነበር።

«የለኝም» አልሁ። ጃንጥላዬን አንሥቼ ወጣሁ።